ቡና በባሶ መንገድ

ቢቸናና ሞጣ የጤፍና የስንዴ አገሮች ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ስለሚገኙ፣ ጥላና መጠነኛ ሙቀት የሚሻው የቡና ዛፍ የገበሬው ዋና ተክል ሆኖ አልኖረም። ሆኖም የቡና ታሪክ ምሥራቅ ጎጃምን ትቶ ሊነገር አይችልም፤ ቡና በዚያ የታወቀው በእርሻ ሳይሆን በንግድ ነውና።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ቡና ከከፋ አንሥቶ እስከ ዓባይ ዳርቻ በዱር እንደሚበቅል ጽፏል። ከዚህ ሰፊ የቡና ምድር ከጎጃም ጋር በንግድ የተሳሰረው እናርያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 በሊሙ እናርያ በነገሠው በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናና ዝባድ ጭነው፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችንም እየነዱ፣ ዓባይን ተሻግረው በየጁቤ አጠገብ ወደሚገኘው የባሶ ገበያ ይደርሱ ነበር። ሲመለሱ የሚይዙት አሞሌ ጨውና ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በየጁቤ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ በሰፊው ጽፏል። ቡናው ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ከሞጣ በታች ያለው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይም ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር።

የሚያስገርመው፣ ቡናው በደጃፉ ሲያልፍ ይኖር የነበረው ክርስቲያን ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ አለመጠጣቱ ነው። መጠጡ የእስላም ተብሎ ይታይ ስለ ነበር፣ ነጋዴው ሲጠጣ ባለ ኬላው ቀረጡን ብቻ ይቀበል ነበር። ይህ አስተያየት የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በአቡነ ማቴዎስ ዘመን ነው።

የቡና ጣዕም ከመገኛው ተለይቶ አይታወቅም። በከፍታ ቦታ የበቀለ ቡና ቀስ ብሎ ስለሚበስል ፍሬው ጥብቅ፣ ኮምጣጣነቱም የጠራ ይሆናል። አዘገጃጀቱም ለዋጭ ነው፤ ከነገለፈቱ የደረቀው የሐረር ቡና የፍራፍሬ ጣዕም ሲይዝ፣ የታጠበው የይርጋ ጨፌ ቡና አበባና ሎሚ ይሸታል። የጥንቱ የእናርያ ምድር ቡና ዛሬ ሊሙ ተብሎ ይሸጣል፤ ቀማሾችም ለስላሳነቱንና ወይን መሰል ጣዕሙን ያደንቃሉ።

ነገር ግን ባሕር የተሻገረ ቡና ስሙን ይዞ አልሄደም። የኢትዮጵያ ቡና ብዙ ጊዜ በየመኑ የሞካ ወደብ ስም ተሽጧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተችውና በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተስማማችው ይህን የቆየ ጉዳት ለማረም ነበር። ሊሙ ግን ከሦስቱ ስሞች አንዱ አልነበረም።

ጉዳቱ በውጭ ገበያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ስለ ኖረ፣ በቢቸናና በሞጣ ጀበና የሚፈላው ቡና አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ቅልቅል ነበር። የባሶ ነጋዴ የጭነቱን አገር ያውቅ ነበር፤ የልጅ ልጁ ግን የሚጠጣውን ቡና አገር እንዳያውቅ ሆኗል። ስለዚህ የቡናን መገኛ መመዝገብና ስሙን ማስከበር ለላኪው የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን፣ ለሙያው ሰው ግን ከዚህም በላይ ታሪክን ለባለቤቱ የመመለስ ተግባር ነው።