«ስኳሩ ነው» ተብለው የሚታለፉ ምልክቶች

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደከመኝ ቢል፣ ሌሊት ቢያልበው፣ ሆዱን ቢነፋው ወይም እግሩን ቢያቃጥለው ከቤተሰብም ከጎረቤትም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ስኳሩ ነው»። መልሱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ከታይሮይድ ዕጢ መታወክ እስከ ሳንባ ነቀርሳ ያለውን ሌላ ሕመም ለወራት ሸፍኖ ያቆያል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ በርግጥ ከስኳሩ የመጣው ምልክት የጨጓራ፣ የወባ ወይም የመንፈስ ነው ተብሎ ታካሚው ወደ ሌላ በር ይወሰዳል።

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ቤታ ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚከሠት ነው። በ1922 (እ.አ.አ) በካናዳ ቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወስድ ድረስ በዚህ ሕመም የተያዘ ልጅ ዕድሜው የሚቆጠረው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ነበር። ዛሬ ኢንሱሊን ያገኘ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሆኖም ጤነኛ ቆሽት ሳይታወቀን የሚሠራውን ሥራ ታካሚው በመርፌ ራሱ መሥራት ስላለበት፣ ለወራት የተስማማው መጠን ያለ ግልጽ ምክንያት አልስማማ ሲል ያ ለውጥ ራሱ አንድ የሕመም ምልክት ነው።

ማንኛውም ያልታወቀ ስሜት ሲመጣ የሚቀድመው ጥያቄ በዚያ ሰዓት ስኳሩ ስንት ነበር የሚለው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በጤና ጣቢያ የተለካ ቁጥር ያለፈውን ሌሊት አያስረዳም። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃብ ይሰማል። ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ አንጎል ራሱ ስለሚራብ ንግግር ይንተባተባል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ምንም ያልጠጣ ሰው የሰከረ ይመስላል። በእኩለ ሌሊት የሚጮኽ ወይም ትርጉም የሌለው ነገር የሚናገር ልጅ መንፈስ ያስጨነቀው መስሏቸው ወላጆች ንጋትን ጠብቀው ጠበል ሊወስዱት ይነሡ ይሆናል። ንጋቱ ግን ሊረዝም ይችላል። ጠበሉ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ልኬቱና ስኳሩ ግን በዚያችው ደቂቃ ይቀድማሉ። መለኪያ ከሌለ መዋጥ ለሚችል ሰው 15 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ሁኔታውን እንደገና ማየት ይገባል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ብዙ ዓመት ኢንሱሊን የወሰዱና ስኳራቸው በተደጋጋሚ የሚወርድባቸው ሰዎች እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች እየደበዘዙባቸው ይሄዳሉ። መንቀጥቀጡም ላቡም ቀርቶ በቀጥታ መደናገሩ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ከራሱ ቀድሞ የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ነው።

ጠዋት በራስ ምታት መነሣት፣ የረጠበ አንሶላና ቅዠት የሌሊት ስኳር መውረድን ይጠቁማሉ። ይህን ለማረጋገጥ ለጥቂት ሌሊቶች ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሥቶ መለካት ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ስኳሩ ትክክለኛ ሆኖ ላቡ ከቀጠለ፣ ክብደትም እየቀነሰ ከሄደ፣ «ስኳሩ ነው» የሚለው መልስ አላዋጣም ማለት ነው። የስኳር ሕሙማን በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ በመሆኑ ሳል ባይኖርም የአክታና የደረት ራጅ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምክንያቱ ከቆዳው ሥር የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መወጋት ስቡን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ቦታ ደግሞ ሕመም ስለማይሰማው ታካሚው ይበልጥ ይመርጠዋል። ከዚያ የሚገባ ኢንሱሊን አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሌላ ቀን በአንዴ ወደ ደም ይደርሳል። ምርመራው ወጪ የለውም፤ ሆድና ጭኑን በጣት ዳብሶ የጠጠረ ወይም የተነፋ ቦታ መኖሩን ማየት ብቻ ነው። ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወሩ ያው የቀድሞው መጠን ስኳርን በጣም ሊያወርድ ስለሚችል ዝውውሩ ከሐኪም ጋር ተመክሮ መደረግ አለበት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ብልቃጡ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ በተፈጥሮው ድፍርስ የሆነውም በመዳፍ መካከል ተንከባሎ ካልተዋሐደና ጓል ከቋጠረ አይወሰድም። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊንም ቢቀልጥ አይጠቅምም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡን ውኃ በማይገባው ነገር ጠቅልሎ በእርጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ በጥላ ሥር ማስቀመጥ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። በ2021 (እ.አ.አ) የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት በ25 እና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል በሚዋዥቅ ሙቀት የቆየ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኀይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። ይህ ግን በመኪና መስታወት ሥር ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ለተቀመጠ ብልቃጥ ዋስትና አይሆንም።

በእነዚህ ሁሉ ችግር ሳይገኝ የኢንሱሊን ፍላጎት ቢቀንስስ? ሕክምና በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሆነ፣ ሐኪሞች የጫጉላ ወቅት የሚሉት ጊዜ ሊሆን ይችላል። የተረፉት ጥቂት ቤታ ሕዋሳት ዕረፍት አግኝተው ለጊዜው ይሠራሉ፤ ስኳሩ በትንሽ መርፌ ይረጋጋል፤ ቤተሰቡም ልጁ የዳነ ይመስለዋል። በዚህ ወቅት የተጀመረ ማንኛውም የባህል መድኃኒት ፈዋሽ ሆኖ ይታያል። ከወራት በኋላ ግን ሕዋሳቱ ይጠፋሉ፤ «ድኗል» ተብሎ መርፌውን ያቆመ ልጅ ለሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሆስፒታል የሚገባው ያኔ ነው።

ለውጡ ከዓመታት በኋላ ከመጣ ፍለጋው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይዞራል። ቆሽትን ያጠቃ የመከላከያ ሥርዓት በዚያ ላይቆም ይችላል። ታይሮይድ ዕጢ በቀዳሚነት ይጠቃል፤ ሥራው ሲዳከም ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የስኳር መውረድ ይመጣሉ። ሥራው ሲበዛ ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ስኳር የወረደ ያስመስላሉ፤ ሲለካ ግን ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም በዓይነት አንድ ሕሙማን ላይ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይታያል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን ስለሚጎዳ ምግብ በአግባቡ አይመጠጥም፤ መርፌው ተወስዶ፣ ምግቡም ተበልቶ ስኳሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ የአገሪቱ ማዕድ የራሱ ነገር አለው። ጤፍ ግሉተን የለውም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ሲበላ የኖረ ወጣት ለትምህርት ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ፣ ፓስታና በሶ ሲያዘወትር ሆዱ መነፋት ቢጀምር ምክንያቱ ከምግብ ለውጡ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስንዴ ወይም ገብስ የተደባለቀበት እንጀራም እንዲሁ ነው። የደም ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ግን ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ በመሆኑ ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስን በራስ ፈቃድ ማቆም ሐኪሙን ያሳስታል።

አዲሰን የሚባለው ሕመም ብርቅ ቢሆንም ሲሳት ይገድላል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ሲከሽፉ ክብደት ይቀንሳል፣ ሲነሡ ያዞራል፣ ጨው ያምራል፣ ስኳር እየደጋገመ ይወርዳል። ቆዳ ይጠቁራል የሚለው የመጻሕፍት ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ የመዳፍን መስመሮችና ድድን ማየት ይሻላል። የሚዳከም ኩላሊትም ኢንሱሊንን ቶሎ ስለማያስወግድ የመርፌውን ኀይል ያረዝማል።

ከሕክምናው የሚመጡ ምልክቶችም አሉ። ለወራት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በኢንሱሊን ሲወርድ ዐይን ለጥቂት ሳምንታት ይደበዝዛል፤ በዚህ ጊዜ የተገዛ መነጽር ብዙም ሳይቆይ አይሆንም። አንዳንዶችን ደግሞ ስኳሩ በፍጥነት ከተስተካከለ በኋላ እግራቸውን እንደ እሳት ያቃጥላቸዋል። «መርፌው ጎዳኝ» ብለው ለማቆም የሚያስቡት እነዚህ ናቸው፤ ሕመሙ ግን በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይለዝባል።

አንዳንዴ ደግሞ የማይገጥመው ስያሜው ራሱ ነው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ተሠርቶ በ2009 (እ.አ.አ) የታተመ ጥናት ኢንሱሊን ከሚወስዱት የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭንና በድህነት ያደጉ፣ አብላጫዎቹም ወንዶች መሆናቸውን አሳይቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቆ ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ለዚህ ዓይነቱ ሕመም «ዓይነት አምስት» የሚል ስያሜ ሰጥቷል።

ጊዜ የማይሰጠው ምልክት ሆድ ላይ ይመጣል። ኢንሱሊን ያጠረው ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚከማቸው ኬቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ታካሚው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን አጥብቆ ይቆርጠዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ትንፋሹም የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሕመሙ የትርፍ አንጀት፣ የታይፎይድ ወይም የጨጓራ ይመስላል። ስለዚህ የሚያስመልሰው ዓይነት አንድ ታካሚ ሁሉ ስኳሩ ሊለካ፣ ሽንቱም ለኬቶን ሊመረመር ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት «ምግብ ስላልበላ መርፌው ይቅር» ይላል። ሰውነት ሲታመም የኢንሱሊን ፍላጎቱ የሚጨምርበት ጊዜ ይበዛል፤ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል እንጂ ምግብ ባይበላም መርፌው ጨርሶ አይቆምም።