ክቡር ዶክተር ዓሊ ቢራ፦ የአፋን ኦሮሞ ዘመናዊ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ

ድምፃዊ፣ የግጥምና ዜማ ደራሲ እንዲሁም የዑድና የጊታር ተጫዋች የነበረው አርቲስት ዓሊ ቢራ፣ የአፋን ኦሮሞ ዘፈን በዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ ታጅቦ በመላ ሀገሪቱ እንዲደመጥ ካደረጉ የኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

አርቲስቱ እ.ኤ.አ. በ1947 በድሬዳዋ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዓሊ መሐመድ ሲሆን፣ «ቢራ» የሚለው መጠሪያ የወጣለት በመድረክ ካቀረበው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበትን የጥቢ ወቅት ያመለክታል።

ዓሊ ገና በታዳጊነቱ የተቀላቀለው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ስያሜውን ያገኘው ከምሥራቅ ኦሮሞዎች የአራት ወንድማማች ጎሳዎች መጠሪያ ነው። ቡድኑ የተመሠረተበት ጊዜ ግን ለሥራው አመቺ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደንግጎ ነበር። በሌላ ቋንቋ የሚዘፍን የወጣቶች ማኅበርም በባለሥልጣናት ዘንድ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር፣ የቡድኑ አባላት ለእስራትና ለመበተን ተዳርገዋል።

ዓሊ ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ አገልግሏል። በዋና ከተማዋ ያገኘውን የዘመናዊ ኦርኬስትራ ልምድ ከትውልድ አካባቢው ዜማ ጋር ማዋሐዱም የሥራዎቹ መለያ ሆነ። የዘፈኖቹ ጭብጥ በአብዛኛው ፍቅር፣ ናፍቆት፣ የሀገር ትዝታና አንድነት ነው። ከአፋን ኦሮሞ በተጨማሪ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ መዝፈኑ፣ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ በሆነችው ድሬዳዋ ማደጉን ያሳያል።

አርቲስቱ ስዊድንንና ካናዳን ጨምሮ በተለያዩ ሀገሮች ለረጅም ዓመታት ከኖረ በኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2010 የክብር ዶክትሬት ዲግሪ ሰጥቶታል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚያስችለውን ፖሊሲ ያጸደቀው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ ከ64 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በታዳጊነቱ በአፋን ኦሮሞ ለመዝፈን የተቸገረው ዓሊ ይህንን ውሳኔ በሕይወት እያለ ለማየት በቅቷል።

ክቡር ዶክተር ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብሩም በትውልድ ከተማው ድሬዳዋ ተፈጽሟል።