የሻማው ጥይት፦ ለየትኛው ዒላማ የትኛው ጠመንጃ?

ቀሐን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ሌላው አገር ግን የሚያውቀው በጥምቀት ሰሞን፣ ውሃው ተጠልፎ የአፄ ፋሲልን መዋኛ ሲሞላ ነው። እኛ ዛሬ ወደዚህ ወንዝ የምንወስዳችሁ ለሌላ ጉዳይ ነው። በየካቲት 1762 ዓ.ም (በፈረንጆች 1770) ጄምስ ብሩስ የሚባል ቁመተ ረጅም ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገባ። መጀመሪያ ያረፈው ቀሐና አንገረብ በሚገናኙበት አካባቢ በነበረው የሙስሊሞች ሰፈር ነው። የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር፤ ጓዙ ውስጥ ግን ጥሩ ጥሩ የአደን ጠመንጃዎችም ነበሩበት።

አንድ ቀን ማታ፣ ግብር ላይ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ችሎታ ተከራከረ። ገብረ መስቀል ተራ ሰው አልነበረም፤ የነፍጠኞች አለቃ ነው። ክርክሩ ጦፎ ብሩስ እንዲህ አለ፦ በእኔ ጠመንጃ የሚተኮስ የሞራ ሻማ ቁራጭ በአንተ ጠመንጃ ከሚተኮስ የብረት ጥይት የበለጠ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ጩቤ ተመዘዘ፣ ደምም ፈሰሰ፤ እሱን እንለፈው። ወሬው ግን ወጣቱ ንጉሥ አፄ ተክለ ሃይማኖት ጆሮ ደረሰ። ንጉሡም በቃ አሳየኝ አሉት። ብሩስ ሻማውን ለሁለት ቆረጠው። በግማሹ ሦስት ጋሻ ደራርቦ በሳ፣ በቀሪው ግማሽ ደግሞ የእንጨት ጠረጴዛ በሳ።

ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ብሩስ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው። ብሩስ ደግሞ ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ነበር። ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ስቆበታል። እስቲ እኛ በፊዚክስ እንፈትሸው፤ ይቻላል ወይስ ጉራ ነው?

የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት የሚለካው የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ነው። ፍጥነት ሁለት ጊዜ ይባዛል ማለት ነው፤ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። የሻማው ቁራጭ 15 ግራም ነው እንበል፤ ከአፈሙዝ የወጣውም በሰከንድ 400 ሜትር እየተምዘገዘገ ነው እንበል። ሒሳቡን ስትሠሩት 1,200 ጁል ይመጣል። ይህ 10 ኪሎ ድንጋይ ከ12 ሜትር ከፍታ፣ ከአራተኛ ፎቅ ገደማ ማለት ነው፣ ሲወድቅ የሚኖረውን ጉልበት ያህላል። ሞራው ለስላሳ ነው'ኮ ትሉ ይሆናል። አዎ፣ በጣት ብትጫኑት ይሟሟል። ግን ውሃም ለስላሳ ነው፤ ከከፍታ በደረታችሁ ብትወድቁበት ግን እንደ ድንጋይ ይመታችኋል። በዚያ ፍጥነት የመጣ ሻማ ወደ ጎን ለመፍሰስ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ይቻላል። ብሩስ በዚህኛው አልዋሸም ለማለት እንደፍራለን።

ሆኖም የሻማው ትርዒት ለአደን ፋይዳ የለውም። ከሱ ይልቅ የጎንደርን ሰው ማስደነቅ የነበረበት ሌላው ነገር ነው፤ ብሩስ የሚበር ወፍ ይመታ ነበር። በዳሞቱ ፋሲል ሰፈር ከፈረስ ላይ ሆኖ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃውን ተኩሶ ሁለት ጭልፊቶች ጥሏል። በዚያ ዘመን አገራችን ውስጥ የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው ባለ ፈትል ነው፤ ቃታው ሲሳብ የሚጨስ ፈትል ባሩዱ ላይ ይወርድና ይለኩሰዋል። ቆሞ ለሚጠብቅ ዒላማ መጥፎ አይደለም። ለሚበር ወፍ ግን አስቡት። ቆቅ በሰከንድ 15 ሜትር ብትበር፣ ባሩዱ እስኪቀጣጠል የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢዘገይ፣ ወፏ አንድ ሜትር ተኩል ሄዳለች። የብሩስ ጠመንጃ ባልጩት ከብረት ተፋጭቶ ፍንጣሪ የሚያወጣበት ስለነበር መዘግየቱ ያንሳል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ሁለተኛው ምስጢር አፈሙዙ የሚተፋው ነገር ነው። ለሚበር ወፍ አንድ ጥይት አይተኮስም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ናቸው የሚተኮሱት። ፍሬዎቹ እየሄዱ ይበተናሉ፤ ስለዚህ ተኳሹ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ የተወሰኑት ያገኟታል። ዋጋም ያስከፍላል፤ እያንዳንዷ ፍሬ ቀላል ስለሆነች ነፋሱ ቶሎ ያደክማታል፤ ከ40 ሜትር አካባቢ በኋላ እምብዛም አትረባም። ዛሬ የአደን ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በዚሁ ነው፦ ብተናው ሰፊ ይሁን ወይስ ጠባብ? ለዚህ ብለው የአፈሙዙን ጫፍ በጥቂቱ ያጠቡታል። በ36 ሜትር ተኩል ርቀት፣ ወርዱ 76 ሳንቲሜትር በሆነ ክብ ውስጥ፣ ጫፉ ካልጠበበ ጠመንጃ 40 በመቶ ገደማ ፍሬዎች ያርፋሉ፤ በደንብ ከጠበበው ደግሞ 70 በመቶ። የጠበበው በሚሊሜትር ሲለካ አንድ አትሞላም! እግራችሁ ሥር ለምትነሳ ቆቅ ሰፊው ይሻላል፤ በሩቅ ለምታልፍ ዳክዬ ጠባቡ።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። «12 ቁጥር» የሚባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከእርሳስ ነው። አንድ ፓውንድ (454 ግራም) እርሳስ በ12 እኩል ድቡልቡል ብትከፍሉት፣ አንዷ ድቡልቡል በአፈሙዙ ልክ ትገባለች። ለዚህ ነው 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር የሚጠበው። የእርሳስ እፍጋት በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 11.34 ግራም ነው፤ የ12 ቁጥሩን ወርድ በሚሊሜትር ራሳችሁ አውጡት፤ 18.5 ካልመጣላችሁ እንደገና ሞክሩ።

ስፖርተኞች ደግሞ ከ1880 ወዲህ በወፍ ምትክ ከሸክላ የተሠራ ሰሃን ወደ ላይ ወርውረው ይተኩሱበታል። የዛሬው ሰሃን ወርዱ 110 ሚሊሜትር ነው። እነዚህ ሰዎች በብዛት የሚመርጡት ሁለቱ አፍ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበትን ነው፤ ሲያነጣጥሩ ዓይናቸው የሚያርፈው በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነውና። ጎን ለጎን የሆነው ባለ ሁለት አፍ የቆየው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ወደ ሌላ ታሪክ ይወስደናል።

የቋራው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር መሣሪያና ሥርዓት ተሸንፎ ነበር። ያ ሽንፈት ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ለጋፋቱ ሴባስቶፖል የተጨነቀውን ያህል ግን ለተራው ወታደር ጠመንጃ የተጨነቀ አይመስለንም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በፈረንጆች የስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከመቅደላ በታች ወደ አሮጌ ሜዳ ሲወርዱ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የያዙት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነበር። ውስጡ ልሙጥ፣ በአፈሙዙ የሚጎረስ። ለአደን ግሩም መሣሪያ ነው፤ በቅርብ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ ግን ባሩዱን መጨመር፣ ጥይቱን መጠቅጠቅ አለ፤ ያውም ቆሞ፣ ሜዳ ላይ።

ፊት ለፊታቸው የነበረው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር ነበር። ከኋላው ይጎረሳል፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ አሥር ጊዜ ገደማ ይተኩስበታል። የአፈሙዙ ውስጥ ደግሞ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ ጥይቱን እንደ እንዝርት ያሾረዋል፤ የሚሾር ነገር አቅጣጫውን ስለማይለቅ ጥይቱ ብዙ መቶ ሜትር ሄዶም ዒላማውን አይስትም። የገብርዬ ሰዎች ጠመንጃቸው የሚሠራበት ርቀት ላይ ሳይደርሱ ነው ያለቁት። ከኢትዮጵያውያኑ ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ናቸው። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆሰለ፤ ከነሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በጀግንነት ማን ይበልጥ ነበር ብላችሁ አትጠይቁ፤ እየተተኮሰባቸው ቁልቁል የሮጡትን ሰዎች እንግሊዞቹ ራሳቸው በአድናቆት ጽፈውላቸዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ትምህርቱ በቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ስናይደር በአማርኛ አፍ «ሰናድር» ሆነ፤ የኦስትሪያው ማንሊኸርም «ምንሽር» ተባለ። አያቶቻችሁን ብትጠይቋቸው ስማቸውን እንደ ከብት ስም እየለዩ ይነግሯችኋል፤ የቱ ሩቅ እንደሚሄድ፣ የቱ ትከሻ እንደሚመታ።