ንጉሡ በምን ማት ሆነ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ቅርንጫፍ ያወጣል። በዚያ የታጠፈ ሰው የፎገራን የሩዝ ማሳ ከኋላው ትቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር ይገባል። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጌምድርን የሚገዙት የዳግማዊ ራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1849 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከራስ አሊ ጋር ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ የአገሬውን ቼዝ፣ የሰንጠረዥን፣ አጨዋወት ጽፎ ትቶልናል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ደንብ አጥንተው አሳትመዋል።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ከንጉሡ ጎን ፈርዝ፣ ግራና ቀኝ ፊል፣ ፈረስና ደር ይሰለፋሉ፤ ከፊታቸው መዳቆች። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መልሶ ያስተካክላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል።

የሚገርመው ግን አጨራረሱ ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ያደረገ አሸንፏል፣ ሙያ ግን አይባልለትም። በፈርዝ ከሆነ ይከበራል፤ በፊል ወይም በብዙ ጠጠሮች ቅንጅት ከሆነ ይመሰገናል፤ በመዳቅ ከሆነ አድናቆቱ ወደር የለውም። መዳቅ እንደ አጋዥ አይቆጠርምና፣ ከመዳቅ በቀር ሌላ ጠጠር ያልቀረው ንጉሥ ማት አይደረግም። አንድ አጋዥ ብቻ ከቀረውም፣ ያ አጋዥ ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ነገሩ ማለቅ አለበት። ስለዚህ የባላጋራን ሠራዊት አንድ በአንድ ለቅሞ ጨርሶ በመጨረሻ ንጉሡን ማሳደድ አያዋጣም። ድሉን የሚመዝኑት በቁጥር ሳይሆን በአኳኋኑ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ደግሞ ተመልካች ይፈልጋል።

ተመልካቹስ ምን ያህል ይታመናል? እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1805 እንደርታ፣ አንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሳ ምክር ይሰጣል፤ ጫጫታው ሌላ ነው። ሆኖም ሁሉም በዘዴ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ ያደርግ ነበር ይላል። የትኛውም የነጥብ ሠንጠረዥ ይህን አይቋቋምም!

አውሮፓውያንም ቢሆኑ የቼዝን የነጥብ አቆጣጠር ያገኙት እየተደናበሩ ነው። በ1851ዱ የለንደን ውድድር የተሸነፈ ይወጣ ነበር፤ አቻ የወጣ ጨዋታ አይቆጠርም። በ1867 ፓሪስ ላይ አቻ ለሁለቱም ዜሮ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ደንዲ ላይ ግማሽ ነጥብ ተሰጠው፣ የሰነበተውም ይኸኛው ነው። በ1895 ዙሪክ ላይ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸውን የሚያገናኘው የስዊስ ሥርዓት ተሞከረ። እኩል ነጥብ ያላቸውን ለመለየት የመጣው የሶንቦርን በርገር ስሌት ያሸነፍኸውን ሰው ነጥብ ሙሉውን፣ አቻ የወጣኸውን ግማሹን ይደምርልሃል። ማንን አሸነፍክ ብሎ ይጠይቃል፤ በምን አሸነፍክ አይልም። ቢልባኦ በ2008 እንደ እግር ኳስ ለድል ሦስት፣ ለአቻ አንድ መስጠቱ አቻን ለማርከስ ነበር።

ታዳጊና አዋቂ በአንድ ሰሌዳ ሲቀመጡ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1951 ለብቻው መካሄድ ቢጀምርም፣ በየከተማው ክበብ ልጅና አባት አብረው ይጫወታሉ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ከ1970 ጀምሮ የሚጠቀምበት የኤሎ ደረጃ ይህን በብልሃት ይዞታል። ተጫዋቹ ባገኘውና ይጠበቅበት በነበረው ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት፣ 18 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ላላለፈበትና ደረጃው ከ2300 በታች ለሆነ ታዳጊ በ40 ይባዛል፤ ለለመደ አዋቂ በ20፤ አንዴ 2400 ለደረሰ በ10። ልጅ ቶሎ ስለሚለወጥ ደረጃው አብሮት ይሮጣል።

ፎገራ ላይ ወራት የሚዘልቅ ውድድር ያሰበ ሰው ግን ከኤሎ በፊት የርብንና የጉማራን ወንዞች ማማከር ይኖርበታል። በክረምት ሁለቱም ሜዳው ላይ ይፈሳሉ፤ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ አዋቂው ከማሳ አይነቃነቅም፤ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ተማሪው ደግሞ በፈተና ሰሞን ይጠፋል። ሁሉንም ዙር መደመር ማሳ የሌለውን ብቻ ይሸልማል። ለምሳሌ ከአሥር ዙር የተሻሉትን ሰባት ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ ነው፣ ለታዳጊው ያገኘው ነጥብ በአዋቂዎቹም በታዳጊዎቹም መዝገብ ቢያዝለት ደግሞ የተሻለ። በመጨረሻ እኩል የወጡ ካሉ፣ ከሶንቦርን በርገር በፊት በመዳቅ ማት ያደረገውን ላስቀድም እወዳለሁ። ዳኞች ይቃወሙኛል፤ ልጆቹ በደር የሚያልቀውን ጨዋታ መዳቅ ፍለጋ እያስረዘሙ ሰዓታቸውን ያቃጥላሉ ይሉኛል። ያቃጥሉ፤ ሰዓቱ የራሳቸው ነው።