የሚና ጨዋታ

በአዊ ዞን አዲስ ቅዳም ከተማ ውስጥ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚለውን ስም የሰማ ወጣት ቢኖር፣ የሰማው ከስልኩ ጌም ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታው ግን የተወለደው ወረቀት ላይ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የዚህ ዓይነት ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ መጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

በአማርኛ «የሚና ጨዋታ» ብንለው ያስኬዳል። ጠንቋይና ዘንዶ የሞላበት ሲሆን ደግሞ «ምናባዊ የሚና ጨዋታ»። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ እንደሚሆን ሁሉ፣ እዚህም አንዱ ተዋጊ፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ ይሆናል። ልዩነቱ ይህኛው ወፍራም የደንብ መጽሐፍና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ያለው መሆኑ ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል አንዱ ተራኪም ዳኛም ነው፤ እሱን «አጫዋች» እንበለው። «በሩን ከፈታችሁት፤ ከውስጥ የጭስ ሽታ መጣ፤ እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የመረጡት ነገር ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል።

ነገሩ ሁሉ በአፍ ስለሚሄድ የመጽሐፉ ሥዕል ጌጥ ብቻ አይደለም። አምስት ሰው አምስት ዓይነት ዋሻ እያሰበ እንዳይጫወት አንድ ያደርጋቸዋል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሠዓሊው ዴቪድ ትራምፒየር በ1978 እ.ኤ.አ. ለ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተጫዋቾች መመሪያ ሽፋን የሳለውን ነው። ቀንዳም ግዙፍ ጣዖት ተቀምጧል። ሁለት ሌቦች ራሱ ላይ ወጥተው የዓይኑን ዕንቁ ይፈለፍላሉ። ከታች የተገደሉ እንሽላሊት መሰል ፍጡራን አሉ፤ ከገዳዮቹ አንዱ ሰይፉን ይጠርጋል፣ ሌሎቹ ካርታ ላይ አጎንብሰው ይመካከራሉ። ውጊያው አልቋል! ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ግጥሚያውን ይስል ነበር። ትራምፒየር ግን ከግጥሚያው በኋላ ያለውን ስስት፣ ድካምና ምክክር ሳለ፤ ጨዋታውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ሌላው ሠዓሊ ላሪ ኤልሞር ለዚሁ ጨዋታ በ1983 እ.ኤ.አ. የሳለው ቀይ ዘንዶ ከዚህ ይልቅ ያምራል፤ የሚነግረን ግን ያንሳል። ትራምፒየር ኋላ ሥዕሉን ጥሎ በኢሊኖይ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አረፈ።

የእኛ ሰው ለዘንዶ እንግዳ አይደለም። ነጭ ፈረስ ላይ ያለውን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከፈረሱ እግር ሥር ያለውን ዘንዶና ዛፍ ላይ የወጣችውን ብሩታዊት ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲያይ ያደገ ነው። ያ ሥዕል የሚከበርና የሚጸለይበት ስለሆነ ከጨዋታ ጋር አላነጻጽረውም። ሆኖም ታሪክን ከሥዕል ማንበብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ለጨዋታ የሚሆን መልክና መልክዓ ምድርም በአዊ ሞልቷል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው የዘንገና ሐይቅ እዚያው እንጅባራ አጠገብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቻቸውን ሸልመው እንጅባራ የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞችም ከማንኛውም የፈረንጅ ባላባት የተሻሉ የሥዕል ሞዴሎች ናቸው። እጃችሁ ሥዕል የለመደ የአዲስ ቅዳም ልጆች፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ የሚና ጨዋታ መጽሐፍ ማንም ቢጽፈው ሽፋኑን ለሌላ አታስነኩ።