ድንጋይ፣ ወንዝና ሸክላ፤ የወለቃ ታሪክ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት

ስለ ድንጋይ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ኃይል ምንጭ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ በፍች ተጀምሮ በፍች ያልቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ ግን፣ መምህሩ ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ሩቁ ለመሻገር ሰፊ ዕድል አግኝቷል። ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው የወለቃ መንደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

የአካባቢው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ አብያተ መንግሥቱ የታነጹት በዚሁ ድንጋይና በኖራ ነው። በሥራውም የቤተ እስራኤል ግንበኞች እንደ ተካፈሉ ይነገራል።

ያው ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ብዛት ሲበሰብስ አፈር ይሆናል፤ ከአፈሩም ጭቃው ተመርጦ ጀበና፣ እንስራና ምጣድ ይሠራበታል። የርስት መብት የተነፈጋቸው ቤተ እስራኤል በሸክላ፣ በብረትና በሽመና ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ኅብረተሰቡ በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ «ቡዳ» እያለ ያገላቸው ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ቢሄዱም የወለቃ ሸክላ ሥራ አልጠፋም። ስለዚህ ስለ አፈር የሚያስተምር መምህር ስለ ባለ እጁም ክብር ማስተማሩ ግድ ነው።

ጎንደር የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው። ይህ አንገረብ ወደ አትባራ ከሚወርደው ታላቁ አንገረብ የተለየ መሆኑን ለተማሪዎች ማስረዳት ይገባል። የፋሲል መዋኛ ውኃውን የሚያገኘው ከቀሃ ነው። የአካባቢው ውኃ ወደ መገጭ ገብቶ፣ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ የሚገኙት ወንዞች ሞልተው በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሕዝብ አፈናቅለዋል። ጎርፉ የሚጎዳው ቆላውን ብቻ አይደለም፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚጠረገው አፈር ለጎንደር ሕዝብ የመጠጥ ውኃ የሚያጠራቅመውን የአንገረብን ግድብ በደለል እየሞላ አስቸግሯል።

የኃይል ምንጭ ትምህርትም ከዚሁ ይያያዛል። ሸክላው የሚተኮሰው፣ እንጀራው የሚጋገረው በአብዛኛው በማገዶ ነው። ዛፍ ታዳሽ የሚባለው የተቆረጠው ሲተካ ነው፤ ካልተተካ ተዳፋቱ ይራቆታል፣ አፈሩም ወደ ግድቡ ይወርዳል። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. በጣና በለስ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የህዳሴ ግድብ ኃይል የሚሰጠው ውኃ በየክረምቱ ይታደሳል፤ የግድቡ ሆድ ግን በደለል ከሞላ አይታደስም።

ትምህርት ቤቶች በክረምት ዝግ ስለሆኑ መምህሩ መስከረም እንደ ጠባ ተማሪዎቹን ወደ ወንዝ ዳር ይውሰዳቸው። የደፈረሰ ውኃ በጠርሙስ ቀድተው እስከ ማግሥቱ ያቆዩት፤ ከሥሩ የሚዘቅጠውንም ጭቃ በመሥፈሪያ ይለኩት። ያ ጭቃ የአባቶቻቸው ማሳ እንደ ነበረ የተረዳ ልጅ፣ ስለ እርከንና ስለ ዛፍ ተከላ ብዙ ምክር አያሻውም።