ሚካኤል ይመርና የ2021 የዊንስተን ሳሌም ፍጻሜ

ዱከም ሥጋ ቤት ተቀምጠን ስለ ስፖርት ስንጨዋወት አንድ ወዳጄ “ቴኒስ ላይ እኛ የለንበትም” አለኝ። እኔም ሚካኤል ይመርን አነሳሁበት።

ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊድን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ የሚጫወተውም ለስዊድን ነው። አባቱ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሙ ኤልያስም የቴኒስ ተጫዋች ነው።

የዊንስተን ሳሌም ውድድር በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና፣ ከዩኤስ ኦፕን ቀደም ባለው ሳምንት የሚካሄድ ነው። በ2021 በወንዶች ነጠላ 48 ተጫዋቾች ተሰለፉ። በደረጃቸው ቅድሚያ የተሰጣቸው 16ቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። ሚካኤል ከእነርሱ አንዱ ስላልነበር ለፍጻሜ ለመድረስ አምስት ዙር ማለፍ ነበረበት፤ አለፈም። በግማሽ ፍጻሜው የ18 ዓመቱን ስፔናዊ ካርሎስ አልካራዝን 7ለ5 እና 6ለ3 ረታ። ነሐሴ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ፍጻሜ ግን በቤላሩሱ ኢልያ ኢቫሽካ 6ለ0 እና 6ለ2 ተሸነፈ።

“ይኼማ መዋረድ ነው” አለ ወዳጄ። አልካራዝ በዓመቱ ዩኤስ ኦፕንን አሸንፎ የዓለም ቁጥር አንድ መሆኑን ስነግረው ግን ዝም አለ።

ሚካኤል በ2023 የዓለም 50ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ከአበረታች መድኃኒት ምርመራ ጋር በተያያዘ፣ የሚገኝበትን ቦታ የማሳወቅ ደንብ በመጣሱ ለ18 ወራት ታግዷል። ይህም የታሪኩ አካል ነው። እኔ ግን ከፍጻሜው ሽንፈት ይልቅ የግማሽ ፍጻሜውን ድል አስታውሳለሁ።